የመንገድ መሪው ዳቦ

ከደብረ ብርሃን ስንነሣ ብርዱ የአውቶቡሱን መስተዋት በላብ ሸፍኖት ነበር። ጉዞውን ያዘጋጀው የሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ፣ በጣሊያን ጊዜ አርበኞች የወደቁበት ሜዳ ዳር ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ነው የምንሄደው፤ እኔ ደግሞ ሜዳው ላይ ግጥም እንዳነብ ተመርጫለሁ። ቅኔ ቤት አልገባሁም። ግጥም የተማርኩት ከአሮጌ ጋዜጣና ከሬዲዮ ስለሆነ፣ የተጠራሁበት መድረክ ሁሉ ፈተና ይመስለኛል። አንዲት ስንኝ አላረካ ብላኝ ስጽፍ ስሰርዝ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ብርሃኑ ይሻልሃል ብለው ነው። ጉልበታቸው ላይ አገልግል አቅፈዋል፤ የዳቦ ሽታ ይወጣዋል።

ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። እዚያ ለወደቁት የሚነበብ ግጥም ነው አልኳቸው።

“ለሁሉም?”

“ለጀግኖቹ ነዋ፣ እማማ።”

“እሱም ደግ ነው” ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ዓይኔ ምንም አያመልጠውም እያልኩ የምመካው እኔ፣ አገልግሉን ጠበቅ ሲያደርጉት አይቼ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ሜዳው እንዳሰብኩት አልነበረም። ምሽግ የለ፣ መድፍ የለ፤ የገብስ ማሳ ነው። ከዳር ድንጋይ የተከመረበት ጉብታ አለ። የአጥቢያው ቄስ እንደነገሩን፣ ገበሬ ሲያርስ አጥንት ካገኘ በሬዎቹን አቁሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣዋል፤ የማንም ይሁን የማን፣ ከጉብታው ሥር አብሮ ይቀበራል። ይህን ሲናገሩ ልቤ ግጥሜ ላይ ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ሲያስደግሙንም ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ ደገምኩ፤ ጉሮሮዬን እያሟሸሁ ነበር። ከዚያ ወጥቼ አነበብኩ። መዝጊያዋ ይህች ነበረች፦

ጀግናውን ቄስ ፈታው በዕጣንና ጸሎት፣
ባንዳውን ጅብ ይፍታው በጨለማ ሌሊት።

እልልታው ቀለጠ። ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። ቄሱ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ቀጥሎ የሙት መታሰቢያ ያመጣ ካለ ይቅረብ ተባለ። በእኛ አገር ለሞተ ሰው ዳቦ ያመጣ የሟቹን የክርስትና ስም ለቄሱ ይነግራል፤ ቄሱ ጸልየው ይቆርሱታል፤ የቀመሰ ሁሉ “ነፍስ ይማር” ይላል። የሚፈለገው ቃሉ ነው እንጂ ዳቦው አይደለም። አሮጊቷ አገልግላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ስሙን በቄሱ ጆሮ ተናገሩ። ከአጥቢያው ሰዎች አንዱ፣ ማን እንደሆኑ ለጠየቀው ጓደኛዬ ሲነግረው ሰማሁ። አሮጊቷ የጣሊያንን ጦር በዚህ ገደል መርቶ ያወጣው ሰው የልጅ ልጅ ናቸው፤ ሰውየውም እዚሁ ነው የወደቀው፤ በየዓመቱ ይመጡለታል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ለመዝለል ጊዜ አልፈጀበትም።

ቄሱ ቆረሱና መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ። የአጥቢያው ሰዎችም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን እየዘረጉ “ነፍስ ይማር” አሉ። አሮጊቷ የተቆረሰውን በትሪ ይዘው ወደ እኛ ሲዞሩ ግን ሰው ሁሉ ስልኩን መነካካት ያዘ። አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም አላቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሎ ሲቆረጥም አይቼዋለሁ። ከኋላ አንድ ድምፅ “ባንዳውን ጅብ ይፍታው” አለ፤ ሳቅ ተከተለ። ስንኟን የሠራኋት ሰው አፍ ላይ እንድትቀር ነበር፤ ቀረች።

አሮጊቷ ሰምተዋል። ትሪውን እንደያዙ ቀጠሉ እንጂ አልተመለሱም። እኔ ጋ ደረሱ።

“አንተ እንኳ ቅመስለት፣ ልጄ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ከእኔ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።”

ቁራሹን ተቀበልኩ። የሚፈለግብኝ ሕፃን የሚያውቀው ቃል ነው። ጓደኞቼ ያዩኛል፤ እልልታው ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ዳቦውን በግጥሜ ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና በኋላ እበላዋለሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ።

ስናሳርግ አቡነ ዘበሰማያት እንደገና ተደገመ። “እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል” የሚለው ላይ ድምፄ ተቋረጠ። ሰውየው እኔን ምን በድሎኛል? እሱ መርቶ ባመጣው ጦር አያቶቻቸው ያለቁባቸው የአጥቢያው ሰዎች ዳቦውን በልተውለታል። ይቅር ማለት ምንም የማያስከፍለኝ እኔ ግን ምሕረቱን በእልልታ ለወጥኩበት። ለዓመታት የደገምኩትን ጸሎት ያን ቀን፣ በዚያ የገብስ ማሳ ዳር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ስንመለስ አሮጊቷ አሁንም የመስኮቱን ቦታ ለቀው ጠበቁኝ። አገልግሉ እምብዛም አልቀለለም። ጣርማ በር ዋሻ ገብተን ሲጨልም ቁራሹን ከኪሴ አወጣሁ። ወረቀቱ ተጣብቆበታል፤ እየላጥኩ በላሁት። “ነፍስ ይማር” አልኩ፤ የሞተሩ ጩኸት ዋጠው።

ከዋሻው ስንወጣ ብርሃኑ ፊቴ ላይ ወደቀ። አሮጊቷ ከከንፈሬ ዳር ፍርፋሪ አይተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

“ለግጥሙማ ድምፅ ነበረህ፣ ልጄ” አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ በለቀቁልኝ መስኮት ወደ ውጭ ሳይ ቆየሁ።