አንድ መለኪያ ከበቆሎ ጋር

የዚህ ነገር ባለቤቶች ባለፈው ወር የቀበርናቸው የገርጂው አጎቴ ጋሼ፣ እኔ፣ ልጄ ሳምራዊትና ታናሽ ወንድሟ ናትናኤል ነን።

ጋሼ የሚወዱት ቡርቦን የሚባለውን፣ ከበቆሎ የሚሠራውን የአሜሪካ ውስኪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢምፔሪያል ሰፈር መንገድ ዳር ከምትጠብስ ሴት ሁለት የበቆሎ ጥብስ ገዝቼ ይዤላቸው እሄድ ነበር። መጠጥ አጥብቄ የማወግዝ ሰው ነበርኩ።

"ሳትቀምስ አትፍረድ፤ ይኼም በቆሎ ነው" አሉኝ አንድ ቀን።

መጀመሪያ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። ከወራት በኋላ ግን ከቃጠሎው ሥር የበቆሎውን ጣፋጭነትና የበርሜሉን እንጨት ሽታ መለየት ጀመርኩ፤ ወደድኩት። ጋሼ አንድ ጠጥተው መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ይደፉት ነበር። ሁለተኛ የለም።

ልጆቼን ግን ይዣቸው ሄጄ አላውቅም፤ ቤቴ ውስጥ መጠጥ ነውር ነው እያልኩ እሰብክ ነበርና።

"ከልጆችህ የምትደብቃት ከሆነ አንዷም መለኪያ በዝታለች" ይሉኝ ነበር ጋሼ።

ከቀብሩ በኋላ የተረፈችውን ጠርሙስ ይዤ ገባሁና ለልጆቼ እውነቱን ነገርኳቸው።

"አባዬ፣ እናውቅ ነበር እኮ!" ብላ ሳቀች ሳምራዊት። "ሽታው እንዲጠፋልህ በቆሎ እየጋጥክ አልነበር የምትገባው?"

ናትናኤል አልሳቀም። "ታዲያ ለምን እኛንም አልወሰድከንም?"

ልጆቼ ጋሼን ያወቋቸው በበዓልና በለቅሶ ብቻ ነው። ትናንት በቆሎ ጠባሿ "እንደ ወትሮው ሁለት?" አለችኝ። አንድ አልኳት።

ልክን ማወቅ ከጋሼ ተምሬአለሁ፤ መደበቁ የራሴ ነው። እሳቸውንም፣ ልጆቼንም፣ እኔንም ያስከፈለን በአንድ ላይ ልናሳልፈው የምንችለው የስድስት ዓመት ቅዳሜ ነው።