አንድ ሚሊዮን አንድ

እኔ የማስተምረው ቢቸና ነው፤ እናቴ ደግሞ ሞጣ ነበረች። አንድ ዓርብ ተማሪዎቼ አንድ ሚሊዮን አንድ ፕራይም ነው፣ አይደለም ተባብለው ተጨቃጨቁና ፍርዱን ለእኔ ተዉት። ፕራይም ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ነው። ሰኞ እነግራችኋለሁ አልኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ባሰላው በደቂቃ ባለቀ ነበር። የእኔ ነገር ግን እልህ ነው፤ በጭንቅላቴ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ።

ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ መኪናው ውስጥ ጀመርኩት። ለሦስት ባካፍለው ሁለት ተረፈ። ለሰባት፣ ለዐሥራ አንድ፣ ለዐሥራ ሦስትም ያው ሁለት። ይህች ሁለት የምታሾፍብኝ መሰለኝና ጭራሽ ባሰብኝ። ሞጣ ስደርስ ስልሳዎቹ ላይ ነበርኩ።

እናቴ ምሳ አቅርባልኝ አጠገቤ ተቀመጠችና ረጋ ብላ ታወራኝ ጀመር። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ የእኔ ጆሮም እንደዚያው ነበር። እሷ ትናገራለች፣ እኔ «እሺ እማዬ» እላለሁ፣ ሐሳቤ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ነው። ክንዴን ይዛ «አደራህን» ስትል ብቻ ሰማሁ። እሺ አልኳት። ወዲያው ለአንድ መቶ አንድ ስሞክረው አንድም ሳይተርፍ ተካፈለ። ፊቴ በደስታ በራ። እሷም ያንን አይታ፣ ሸክሜን አቀለልክልኝ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ምን ነበር ያልሽኝ ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ። ሌላ ቀን እጠይቃታለሁ አልኩ። ሰኞ ተማሪዎቼ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሌላ ቀን የሚባል አልመጣም። ብዙም ሳትቆይ ድንገት አረፈች። አስከሬኑ ቤት ውስጥ እያለ የት ትቀበር የሚለው ነገር ተነሣ። አባታችን የተቀበረው እዚያው ከተማው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግን ተጣልተው ተፋትተው፣ ሳይታረቁ ነው የሞተው። የእሷ ወገኖች ደግሞ ያረፉት ገጠር ባለው ደብር ነው። ሽማግሌዎቹ ታላቅ እህቴን ጠየቋት። እህቴም ወደ እኔ ዞረች።

«የምቀበርበትን ለእሱ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል ስትል ነበር። የት አለችህ?»

ሰው ሁሉ አፌን ያያል። አልሰማኋትም ማለት ነበረብኝ። እንዴት ብዬ ልበል? የእናት አደራ በላ፣ ያውም ለቁጥር ብሎ!

«አባባ አጠገብ» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር።

እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ አቀፈችኝ።

«ይቅር ብላዋለች ማለት ነው» አለች። «ስንት ዘመን ለዚህ ተሳልኩ መሰለህ።»

ሽማግሌዎቹ ተመስገን አሉና መቃብር ቆፋሪዎቹን ላኩ።