ያልፈረምኩበት ፖስታ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት በሬን አንኳኳች። የአውሮራ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ እየደረሰ ነው። የአንዱን ተወዳዳሪ በራሪ ወረቀት ይዛ፣ ብርዱ አፍንጫዋን አቅልቶት፣ «የምርጫ ፖስታዎ ደረሰዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ደርሶኛል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ቀኑ ነው፤ አልከፈትኩትም። እዚህ የምርጫ ወረቀት በፖስታ ይመጣል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሞልቶ ይመልሰዋል። ለሌላው ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ያንን ፖስታ ባየሁ ቁጥር ወደ ጠረጴዛው ዳር እገፋዋለሁ።

ነገሩ ሲጀምር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መሀል ዴንቨር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እቆርጥ ነበር። የምኖረው እዚያው አጠገብ አውሮራ፣ ጋሽ ተፈራ ቤት፣ ምድር ቤቱን ተከራይቼ ነው። ጋሽ ተፈራ አዲስ አበባ የቀበሌ ጸሐፊ የነበሩ፣ የመብራት ደረሰኝ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳያነብቡ የማያስቀምጡ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ገና ግሪን ካርድ ነበር ያለኝ። ዜግነት ለማመልከት ሰባት ወር ቀርቶኛል፤ ዜጋ እንደሆንኩ እናቴን ከደሴ ላመጣት ነው። ከዚያ ውጭ ሐሳብ አልነበረኝም።

ታዲያ በዚያ ጥቅምት፣ መንገድ ዳር ቃሪያ እየተጠበሰ ሠፈሩ ሁሉ በሚያስነጥስበት ሰሞን፣ የምርጫ ፖስታ በስሜ መጣ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የተሰጠኝን ቅጽ፣ በመራጭነት ይመዝገቡ ወይ የሚለውን ጭምር፣ እዚህም እዚያም «አዎ» እያልኩ ነበር የሞላሁት። ለቢሮ ሰው «አይ» ማለት ድፍረት ይመስለኝ ነበር፤ አስተዳደጌ ነው። ጋሽ ተፈራ ደግሞ ደስ አላቸው። እዮብ የሚባል የእኛው ሰው ለምክር ቤቱ ይወዳደር ነበር።

«የመንግሥት ወረቀት በስምሽ መጥቶ ዝም አይባልም» አሉኝ። «ነገ ለምን አልመለስሽም ቢሉሽስ?»

የድንች ወጣቸውን ወደ ዳር ገፍተው እያንዳንዱን መስመር አስረዱኝ፤ እኔም ሞልቼ ምድር ቤት ወርጄ አሸግሁት። በማግስቱ የራሳቸውንም የእኔንም ይዘው ሄደው ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ያለው የምርጫ ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

ከሁለት ቀን በኋላ ለዘይነባ ነገርኳት። ዘይነባ ከእኔ ቀጥሎ ባለው መስኮት የምትሠራ የፒያሳ ልጅ ናት፤ የዜግነት ቃለ መጠይቋን ካለፈች ገና ወሯ ነበር።

«ሲቲዝን ሳትሆኚ ቮት አደረግሽ?»

«በስሜ መጣልኛ!»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ዲፖርት ያደርጉሻል እኮ! ኢንተርቪው ላይ ይጠይቁሻል። እኔን ወላሂ ጠይቀውኛል።»

ከፊቴ የቆመው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋብኝ ድረስ ትኬት እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

የዚያን ቀን የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ ነበር። በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ስመለስ የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ወርጄ ሣጥኑ ፊት ቆምኩ። የብረት ሣጥን ነው፣ ቀዳዳው ከጣቴ አይሰፋም። ምን ልሠራ እንደቆምኩ እንጃ። አንዲት ሴትዮ ፖስታዋን ልትከት መጥታ ስታየኝ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ፤ ጫማዬ ክር አልነበረውም።

ለጋሽ ተፈራ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተትኩሽ» አሉ። ዐሥር ቀን ያህል ሁለታችንም የፖስታ ሣጥናችንን እየፈራን ከረምን። በመጨረሻ ደብዳቤ መጣ። የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ፖስታው ላይ ፊርማ ስለሌለ ድምፄ አልተቆጠረም፤ እንዲቆጠር ከፈለግሁ ፈርሜ እንድመልስ ይላል።

እኔ እኮ ፈርሜያለሁ! ግን እንደ አገር ቤት ማመልከቻ፣ ከውስጠኛው ወረቀት ግርጌ፣ ሙሉ ስሜን ጽፌ። ፖስታ ላይ ይፈረማል ብሎ ማን ያስባል? እየሳቅሁ አለቀስኩ። ጋሽ ተፈራ ወዲያው ብዕራቸውን አንሥተው «ጉዳዩ፦ ከመራጮች መዝገብ ስለመሰረዝ» ብለው በአማርኛ አረቀቁ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ተሰርዘሻል የሚል መልስ መጣልኝ። እዮብ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ፤ ጋሽ ተፈራ ስለ እሱ አንዴም አላነሱብኝም።

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሰባቱ ወር ሞላ፤ አላመለከትኩም። ቅጹን አወጣለሁ፣ «መርጠው ያውቃሉ?» የምትለዋ ጥያቄ ላይ ስደርስ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እመልሰዋለሁ። እናቴ በስልክ «ወረቀቱ የት ደረሰ፣ ልጄ?» ትለኛለች። «በሂደት ላይ ነው፣ እማዬ» እላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ዋሸኋት። በሦስተኛው ዓመት፣ ፋሲካ ሰሞን፣ ደሴ ላይ አረፈች።

በአራተኛው ዓመት አመለከትኩ። የሚያስፈራኝ ነገር አልቆ ነበር መሰለኝ። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ጠያቂው ያችው ጥያቄ ላይ ሲደርስ የሆነውን ሁሉ ነገርኩትና የስረዛውን ደብዳቤ ሰጠሁት። አነበበው፣ ጥግ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ወጣቷ በሬን ባንኳኳች ማግስት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ያን ፖስታ ከፍቼ ሞላሁ። ፖስታው ላይ ፈረምኩ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ዜጋ ሆኜም ፊርማዬን ሦስት ጊዜ አየሁት። ያን ጊዜ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ይህን አደረግሁ፣ ምን ይሻለኛል ብዬ ብጠይቅ ኖሮ፣ እናቴ ይህን ቤት ታየው ነበር።