አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ቤቴ ሲከራይ

ዛሬ እኔ አልጋዬ ውስጥ እንዳለሁ ቤቴ ሊከራይ ነው።

እሁድ ነው። የመስከረም ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መርካቶ ሱቁ ሁሉ ዘግቷል፤ እኔም ዘግቼ፣ ብርድ ልብሴን እስከ አንገቴ ስቤ ሻዬን እጠጣለሁ።

አንድ ደላላና ቤት ፈላጊ ሴትዮ ዝናቡን ሸሽተው መስኮቴ ሥር ተጠለሉ።

«እትዬ፣ ይሄንንማ ይዩት! በዚህ ሁሉ ዝናብ ጣሪያው ጠብ አያደርግም።»

(አልጋዬ አጠገብ ያለውን ባልዲ አላየም።)

«ሰው የለበትም እንዴ?»

«አንድ ልጅ አለ፤ ሊለቅ ነው።»

ሻዩ ትን አለኝ። አከራዬ ምንም አላሉኝም! ከአልጋዬ ሳልነሳ «ወዴት ነው የምለቀው?» ብዬ ጮህኩ።



ደላላው አፍሮ ሄደ ብዬ ልሸፋፈን ስል መስኮቱ ተንኳኳ። «ወንድሜ፣ አለህ እንዴ? በናትህ ክፈትልን፣ እትዬ ውስጡን ይዩት።»

በዝናብ ሰው ውጭ አይተውም፤ ከፈትኩ። አሁን ሴትዮዋ ሻዬን እየጠጡ ነው። ደላላው ደግሞ «አታስብ፣ ላንተም አማኑኤል ጋ አሪፍ ቤት አለኝ» ይለኛል።

እንዲህ የገጠመው ካለ ምን እንዳደረገ ይንገረኝ። ብቻ ቶሎ በሉ፤ ሴትዮዋ መስኮቱን ለመጋረጃ በስንዝር መለካት ጀምረዋል።