አራተኛዋ ግጥም

ያስገቡኝ ክፍል እድራችን ድስትና ብርጭቆ ከሚያስቀምጥበት ዕቃ ቤት አይሰፋም። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ወለሉ ላይ የተቀደደ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጥጉ ላይ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል፤ በረኪና ይሸታል። ፖሊሷ ነጠላዬን ስትቀበለኝ፣ «እማማ፣ ሲወጡ ይመለስልዎታል» አለችኝ።

«ይመለስልኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ?» አልኳት። ያኔ ገና ጉልበት ነበረኝ።

ከበሩ ሥር ከግድግዳዬ ጀርባ ትኖር የነበረችው ልጅ፣ ጎረቤቴ፣ ተቀምጣለች። ልጅ የምላት ከኔ ዕድሜ አንጻር ነው እንጂ ባል አላት፤ የሰባት ወር ሕፃንም አላት። ሲይዙን ሕፃኑን ለባሏ አቀብላ ነው የመጣችው። ስታየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሸሚዟ ደረቷ ላይ ረጥቦ ነበር። ወተቷ ሰዓቱን ጠብቆ እየፈሰሰ ነው።

የታሰርነው በሙሾ ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ እኔ ግን እውነቱን ነው የምናገረው።

ሰፈራችን ከሀና ማርያም ዝቅ ብሎ ነው። በሮቻችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ተባልን። ምትኩ ሳይመጣ አፍራሹ መኪና መጣ፤ በአንድ ጠዋት የኔን ቤት ጨምሮ አንድ ረድፍ ሙሉ ወረደ። ማታ ጎረቤት ቤት አድሬ ጠዋት ወደ እድራችን ዳኛ ሄድኩና ድንኳን ይተከል አልኩት።

«እትዬ፣ የሞተ ሰው የለም እኮ» አለኝ።

«የሞተማ አለ፤ ና ላሳይህ» ብዬ ፍርስራሹ ላይ አቆምኩት። ሲያየው ቆየና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

ድንኳኑን ቤታችንን ካስፈረሰው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተከልነው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰፈራችን ሙሾ አውራጅ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግጥም ግን አይቸግረኝም። መሀል ቆሜ አወረድኩ፦

ቤቴ ሳትታመም በድንገት ሞተችኝ፣
ልጆቿን በትና ለብርድ ተወችኝ።

ሴቱ ደረቱን እየመታ ተቀበለኝ። ሁለተኛ ጨመርኩ፤ ሦስተኛ ጨመርኩ። ከዚያ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም አልኩ። በለቅሶ ላይ አውራጇ ዝም ስትል ሆድ የባሰው ሰው ከመሀል ተነስቶ የራሱን ማውረድ ይችላል። ከኋላዬ አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሳ፦

ሁሉም ለቅሶ ደርሷል፣ ገዳይሽ ብቻ ቀረ፣
በማኅተም ገድሎሽ ፎቅ ላይ የሰፈረ።

ሰው ቀና ብሎ የፎቁን መስኮት አየ። መጋረጃው ተዘጋ። እያለቀሰ የሳቀም ነበር። እኔ ዞሬ ማን እንደሆነች ሳይ አላመንኩም፤ ከግድግዳዬ ጀርባ የነበረችው ልጅ ናት። እሷ ጴንጤ ናት፤ በቸርቿ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። እነሱ ለቅሶ ላይ መዝሙር ይዘምራሉ እንጂ ሙሾ አያወርዱም። ግጥሟ ግን ልኩን የጠበቀ ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለች አንዲት ግጥም ከኔ አልወጣችም።

እስር ቤቱ ውስጥ ይህንኑ ነገርኳት። «ሙሾ ነውር ነው ስትሉ አልነበር? ከየት አመጣሽው?»

«እማማ፣ እኔም አላውቅም፤ ከአፌ ወጣ። ሽማግሌዎቻችን ከሰሙ ከኳየር ያስወጡኛል።»

«ካስወጡሽ እኛ እድር ትገቢያለሽ። መዋጮውን እኔ እችላለሁ።»

ሳቀች። ሰዓቱን ለመግፋት የድሮውን አወራኋት። ልጅ ሆኜ ተማሪዎቹ እየዘፈኑ በደጃችን ሲያልፉ ከአጥር ላይ ሆኜ እቀበል ነበር። ኋላ ወታደሮቹ መጡና የዚያኑ ዜማ ቃሉን ቀይረው በቀበሌ አዳራሽ አዘፈኑን፤ ያልዘፈነ ይመዘገብ ነበር። ከነሱ በኋላ የመጡትም ዘፈናቸውን ከበረሃ ይዘው ነው የገቡት። «ሳይዘፍን የመጣ መንግሥት አላየሁም» አልኳት። «ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው ዘፈን የሚፈሩት።»

ምሳ ሰዓት ላይ ፖሊሷ በሩን ከፍታ ዳቦ አስገባች። የልጅቷን ሸሚዝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይዞሽ። ቆመው የተገኙትን ነገ ጠዋት በዋስ ይለቋቸዋል። የሚፈልጉት ያወረደውን ነው።»

ይህን እኔም ሰምቻለሁ። ይህን ታሪክ የምጽፈውም ሰምቼ ስለነበር ነው።

ከምሳ በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ከልጄ ልጅ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮውን አሳየኝ። የቀረጸው ሰው ከሕዝቡ ኋላ ስለቆመ ከኔ በቀር የሚናገር አፍ አይታይም፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። አራቱን ግጥሞች በወረቀት ላይ ጽፏቸዋል።

«እማማ፣ እነዚህ የእርስዎ ናቸው?»

«የኔ ናቸው። አልክድም።»

«አራቱም?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በኛ ሙያ የሌላ ሰው ግጥም የራስ አድርጎ መውሰድ ትልቅ ውርደት ነው። ወጣት ሳለሁ አንዲት አልቃሽ ግጥሜን መካኒሳ ወስዳ የኔ ነው ብላ አስለቅሳበት ሦስት ዓመት አላናገርኳትም። ያቺ አራተኛዋ ደግሞ ከሁሉም የበለጠች ናት። የሰው ነገር አልፈልግም ብዬ ነው የኖርኩት።

«ሦስቱ የኔ ናቸው» አልኩት። «አራተኛዋ የኔ አይደለችም።»

«የማን ናት ታዲያ?»

«የዚያች ከበሩ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ናት። ጎበዝ ልጅ ናት!»

በኩራት ነው ያልኩት። መርማሪው ቀና ብሎ ሳያየኝ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ያደረግሁትን ያወቅሁት በዚያ ድምፅ ነው።

«ቆይ» አልኩት። «ተሳስቻለሁ፤ አራቱም የኔ ናቸው።»

«ተጽፏል።»

ተመልሼ ስገባ ልጅቷ ከጀሪካኑ ውሃ አፍስሳ ሸሚዟን እያጠበች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። አልጮኸችም።

«ለምን፣ እማማ?»

«የሰው ግጥም አልሰርቅም ብዬ።»

ሸሚዟን ጨመቀች። «ስጦታ ነው ብለው ቢወስዱት ምን ነበረበት?» አለች። ከዚያ ከምሳ የተረፋትን ዳቦ ለሁለት ቆረሰችና ተለቅ ያለውን ለኔ ሰጠችኝ። ታላቅ ነኝና መጀመሪያ ለኔ። ባትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በዕድሜዬ ምክንያት በመታወቂያ ዋስ ተለቀቅሁ። ሌሎቹም ተለቀቁ። እሷ ቀረች። ስወጣ መርማሪው ቃሌ ላይ እንድፈርም ወረቀቱን አቀረበልኝ። እስክሪብቶውን ወሰድኩና ከአራተኛዋ ግጥም ሥር በትልልቅ ፊደል ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? እዚያ አይፈረምም። ይሄ አይቆጠርም።»

«ለእናንተ አይቆጠር» አልኩት።

ፍርድ ቤት አሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ ፈቀደባት። በየቀኑ ሕፃኑን አዝዬ በር ላይ እቆም ነበር። ምግቧን ተቀበሉኝ፤ ሕፃኑን ግን ማስገባት አይቻልም አሉኝ። ስትወጣ ወተቷ ደርቆ ነበር። ሕፃኑም ጡቷን ብትሰጠው ፊቱን አዞረ።

አሁን መካኒሳ ተከራይታ ትኖራለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ትስመኛለች፤ የሕፃኑን ደኅንነት ትነግረኛለች። ይህን ልጽፍ ነው ስላት «ይጻፉት፣ ስሜን ብቻ አይጥሩ» አለችኝ። ከኳየሩ ማንም አላስወጣትም፤ እሷ ራሷ ተወችው።

ግጥሟ ግን አልቆመም። ቤት በፈረሰበት ሰፈር ሁሉ ሲያወርዷት እሰማለሁ፤ ማን እንዳላት የሚያውቅ የለም። በቀደም የሕዝብ ዘፈን የሚሰበስብ አንድ አስተማሪ ደብተሩን ይዞ የተከራየሁበት ቤት ድረስ መጣ። አራቱንም አልኩለት። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«ይችን ማን አላት?»

«ሰፈሩ» አልኩት።

ውሸት አልነበረም። ቃሉ የሷ ይሁን እንጂ የተቀበለው፣ ደረቱን የመታው፣ ቀና ብሎ መስኮቱን ያየው ሰፈሩ ነው። መምህሩ ሰፈሩ ብሎ ጻፈና ወደ ሌላ ገጽ አለፈ። ያኔ በምርመራው ቀንም ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ነበር ፊቴ የተቀመጠው።