ብርድ የሚወደው እንግዳ

ጎረቤቴ ቀመሪያ መስኮት አትከፍትም። እዚህ ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ አንድ ፎቅ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ስንኖር ስትከፍት አላየሁም። ጥቅምት ሲገባ ዙሪያውን በቴፕ ታሽገዋለች። ራስ ምታቱም ብርድ ነው፣ ወገቡም ብርድ ነው፤ ልጇ ሪም ፈተና ስትወድቅ እንኳ ብርድ ነው ብላለች! ሪም "ማም፣ ይሞቀኛል" ብላ ስታለቅስ አድጋ፣ አሁን ሀሚልተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

ቀመሪያ የምትሠራው እዚያው ሕንጻችን ውስጥ ነው፤ ኮሪደርና ሊፍት ታጸዳለች። ባለፈው ኅዳር አንድ ተከራይ ቤት ሲለቅ የቆሻሻ መጣያው ክፍል ውስጥ የዓሣ ገንዳ ጥሎ ሄደ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል። ልትደፋው ስታጋድለው ከሥሩ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ስንዝር የሚያህል፣ ሮዝ፣ እንሽላሊት የመሰለ ፍጥረት! አንድ የፊት እግሩ የለም።

ቤቷ ይዛው ስትገባ በሩ ላይ ቆሜ "አዑዙ ቢላህ! ይሄን ጉድ አውጪልኝ!" አልኳት።

"ነፍስ አይደለም እንዴ ዛህራ? አይቼ ብተወው አኼራ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

ሪም ቅዳሜ መጥታ ስልኳን ስትጎረጉር አክሶሎትል የሚባል ሆኖ ተገኘ። ዓሣ ነው? አይደለም። እንሽላሊት ነው? እሱም አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ የዓይን ቆብ ስለሌለው አይጨፍንም፤ አንገቱ ላይ ቀይ ላባ የሚመስለው መተንፈሻው ነው። የተቆረጠው እግሩም ይበቅላል አለች። "ወሬ!" አልኳት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ ከቀመሪያ ቤት አልጠፋም። ፍጥረቱ ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ምን እንደሚያስቀው ማን ያውቃል?

ሪም ስትሄድ "ማም፣ ኮልድ ውሃ ነው የሚወደው፣ እሺ?" ብላ አስጠነቀቀች።

ቀመሪያ በሩ ሲዘጋ ሳቀች። "ብርድ የሚወድ ነፍስ አለ እንዴ? የካናዳ ልጅ ምን ታውቃለች!"

እኔም ሳቅሁ። ይባስ ብዬ የራሴን ሂተር አምጥቼ ገንዳው ሥር አስቀመጥኩላት።

በሳምንቱ የምንሰጠውን ትል መብላት ተወ። ላባው ጠወለገ፤ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። "አላልኩሽም? ብርድ መቶታል!" አለችና ገንዳውን በጋቢ ጠቀለለችው። ስንሸፍነው ባሰበት፤ ሲብስበት ጨመርንለት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሪም እጇን ውሃው ውስጥ ከተተችና ጮኸች። "ማም! ይሄ ሾርባ ነው! እየቀቀላችሁት ነው!"

ቀመሪያ ክው አለች። "እኔ እኮ… ያሳዘነኝ እኮ…" ብላ መጨረስ አቃታት፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ሂተሬን ነቅዬ መግቢያ አጣሁ። ሪም ውሃው ቀስ በቀስ ይቀዝቅዝ አለች። ቀመሪያ እንባዋን ጠረገች፤ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ቴፑን በጥፍሯ ላጠችው፤ ከፈተችው። የታኅሣሥ ነፋስ ሳሎኑን ሞላው።

ካፖርት ለብሳ አጠገቡ ሁለት ቀን ተቀመጠች። እኔም ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እመላለሳለሁ፤ ይሞት ይሆን? በሦስተኛው ቀን ትል አቀረበችለት። አየው። አልተነቃነቀም። ከዚያ ላፍ!

"ጎረሰ! ዛህራ፣ ጎረሰ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ወሬ ያልኩት እግር በሁለት ወሩ በቀለ። አራት ጣት፣ እያንዳንዷ የሩዝ ፍሬ አታክልም! አላህ ሲፈጥር ጉድ ነው፤ አሁንም ሄጄ እቆጥራቸዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ ልቆጥር ስገባ ቀመሪያ ሳሎን የለችም። የሪም ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ቆማ፣ የመስኮቱን ቴፕ በጥፍሯ ትልጣለች።

"ይሄኛው ደግሞ ለምን?" አልኳት።

"ነገ ልጄ ትመጣለች" አለች፣ ሳትዞር። "ይሞቀኛል ስትለኝ አልሰማኋትም ነበር።"