የእትዬ በለጡ በረዶ

ባለፈው ሳምንት ኮዬ ፈጬ ላይ በረዶ ወረደ። መኪና ያላቸው ጎረቤቶቼ ብርድ ልብስ ተሸክመው ከፎቅ ወደ ታች ሮጡ፤ እኔ መኪናም የለኝ፣ መስኮት ላይ ቆሜ አየሁ። የታችኛው ቤት ተማሪ በስልኩ እየቀረጸ «ስኖው ነው» ይላል። ምን ስኖው ነው! ያ በሰው አገር እንደ ጥጥ የሚወርደው፣ ደመና ውስጥ ያለ እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ሲረጋ የሚፈጠር ነው። የኅዳሩ ውርጭ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ እዚሁ ሳሩ ላይ የሚረጋ ነው። የኛው በረዶ የውሃ ጠብታ ነው። ኃይለኛ ንፋስ ከታች ወደ ላይ ያነሳዋል፣ እዚያ ይረጋል፣ ሊወርድ ሲል ሌላ ውሃ ይለብሳል፣ ንፋሱ ደግሞ ይመልሰዋል፤ መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። ይህን የተማርኩት እዚሁ አቃቂ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ምነው ባልተማርኩት ያልኩበትም ቀን አለ።

ያኔ ይህ ሁሉ ኮንዶሚኒየም የጤፍ ማሳ ነበር። ነሐሴ ማለት መንገዱ ጭቃ፣ ጎተራው የተሟጠጠ፣ ሰዉ በንፍሮና በጎመን የሚከርምበት ወር ነው። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። በሬ ስለሌላቸው መንደሩ በደቦ ያርስላቸው ነበር። አረሙ ቢበረታባቸው በገብርኤል ዕለት ማሳ ገቡ። በዓል የሻረ ሰው መንደሩን በረዶ ያስመታል ይባላል፤ በረዶውም በማግስቱ ከሰዓት ወረደ። ሲያባራ የሁሉም ጤፍ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል፣ የእሳቸውም ጭምር።

ሽማግሌዎች ያንኑ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰበሰቡ፤ ከእንግዲህ ለእትዬ በለጡ ማንም እንዳያርስ ሊወስኑ። ያለ ደቦ ደግሞ መሬታቸው ጦም ማደሩ ነው። እኔ ሆዬ በትምህርቴ ላድናቸው ተነሣሁ። ከቦዩ ትልቁን በረዶ አንስቼ በቢላዋ ሰንጥቄ አቀረብኩ። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነበር።

«አባቶቼ፣ ይኸው የወጣ የወረደበትን ያሳያል። ንፋስ ነው የሠራው፤ እሳቸው አይደሉም።»

አንዱ ሽማግሌ በረዶውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ልባቸው የራራ መሰለኝ። ያኔ እትዬ በለጡ ራሳቸው ተነሡ።

«ተይ ልጄ። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ኃጢአት ከሆነ ንስሐ እገባበታለሁ። ንፋስ ከሆነ ምን አደርገዋለሁ?»

ራሳቸው ካመኑ ማን ይከራከርላቸው። ተወሰነባቸው። ሌላው ለመስቀል ሲዘጋጅ እሳቸው ቤታቸውን ዘግተው ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቀማ ገቡ። እዚያው አርጅተው ሞቱ ብለው ነገሩኝ። ምን ነካቸው እያልኩ ስንት ዓመት አንጀቴ አረረ፤ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ በእሳቸው ተናደድኩ።

ዘንድሮ ባለቤቴ ሞተ። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ አስቀምጦ በሽታው ከየት እንደሚነሳ፣ እንዴት እንደሚሰራጭ አስረዳኝ፤ የማንም ጥፋት አይደለም አለኝ። ሁሉም ገባኝ። አመስግኜው ቤቴ ገባሁና ምን አጥፍቼ እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ። እስካሁን እየፈለግኩ ነው።